ገደሉ ወዴት ነው?

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ ማስመሪያ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የበሩ ዘበኛ ነው ይባላል፤ ያለምክንያትም አላወጣላትም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ዘመም ብሎ ካየች ሳታቃናው አታልፍም። ሰው ቤት ተጋብዛ ሄዳ እንኳ የጠረጴዛውን ልብስ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሳታስተካክል አትቀመጥም። ልብስ ሰፊው ባሏ፣ «እኔንም ያገባችኝ ትከሻዬ እኩል መሆኑን ለክታ ነው» እያለ ይቀልድባታል።

በከተማ ፕላን መሥሪያ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖራለች። ድሮ ንድፍ አንሺ ነበረች፤ መንገዱን፣ ቤቱን፣ የውሃ መውረጃውን በቀለም እስክሪብቶ ስስ ወረቀት ላይ የምታሰፍር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ወጣቶቹ ወንበሯን ወረሱ፣ እሷ ወደ ምድር ቤት ወርዳ የድሮ ንድፎች ጠባቂ ሆነች። አላዘነችም። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ሊሆን ነው፣ ጡረታዋ ደጅ ቆሟል። መሳቢያዎቿን በቅደም ተከተል ደርድራ፣ ሰው ሲጠይቅ እያወጣች፣ ሲመልስ እያስገባች ቀኗን ትገፋ ነበር።

አንድ ጠዋት አለቃዋ፣ ልጇ የሚሆን ወጣት መሐንዲስ፣ ምድር ቤት ድረስ ወረደ።

«እትዬ፣ እግርዎ እንዴት ነው?»

«ምነው ልጄ፣ ሩጫ ልታስገባኝ ነው?»

«ከሩጫው አይተናነስም» አለና አስረዳት። መሥሪያ ቤቱ የአሥራ አንድ ከተሞችን መንገድ ሊያነጻጽር ነው። ከተሞቹ በየዓመቱ ዳር ዳሩን እየበሉ ይሰፋሉ፤ ታዲያ በአዲሶቹ ሰፈሮች መንገድ ከመንገድ ይገናኛል ወይ? ሰውስ ሊሄድበት ካሰበው ቦታ በስንት እርምጃ ይደርሳል? ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አለ፤ ግን ፎቶው የተቆለፈ በርና የታጠረ ግንብ አይለይም። በእግሩ ሄዶ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

«ወጣቶቹስ?»

«ወጣቶቹ ከወንበር ከተነሱ ወገባቸውን ያማቸዋል።»

ሳቀችና እሺ አለች። ከሰው ጋር ሳትጣላ፣ ከአቧራ ወጥታ፣ አገር አይታ ጡረታ መውጣት ምን ይከፋል?

አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌርና አንድ የመለኪያ ጎማ ተሰጣት። ጎማው እንጨት ጫፍ ላይ የተገጠመ ነው፤ እየገፉት ሲሄዱ በየሜትሩ «ጠቅ» ይላል። ሹፌሩ ዕድሜው አርባ የሆነ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው ነበር። ጎማውን እየገፋች ስትሄድ ባየ ቁጥር፣ «እትዬ፣ ልጁ እንቅልፍ አልወሰደውም እንዴ?» ይላታል።

የመጀመሪያው ከተማ ወደብ ነው። አሮጌው ሰፈር ጠባብና ጫጫታ የበዛበት ነው፤ ግን በየትኛውም በር ብትወጣ መንገድ ታገኛለህ። ከዓሣ መሸጫው እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ስድስት መንገድ ቆጠረች፤ አንዱ ቢዘጋ አምስቱ አሉ። ከመቶ መንገድ ሰማንያ ዘጠኙ ወደ ሌላ መንገድ ያወጣሉ። በማግስቱ ወደ አዲሱ ሰፈር ሄዱ። ቤቱ ሰፊ፣ ግቢው ጸጥ ያለ፣ አጥሩ የተቀባ ነው። ከመቶው መንገድ አርባ አራቱ ግን ሄደው ሄደው ግንብ ላይ ይሞታሉ። አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን አዝላ ስትመለስ አገኟት። የትምህርት ቤቷ ሰንደቅ ከቤቷ ደጅ ይታያል፤ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ትሄዳለች።

እትዬ ማስመሪያ ቁጥሯን መዘገበች። «ዳር ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ቀስ እያለ ይገናኛል» ብላ ራሷን አጽናናች።

ሁለተኛው ከተማ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ላይ ነው ያለው። እዚያ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ዋናው መንገድ መሃል ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ግራ ይጎብጣል፤ ለአንድ ነገር ቦታ የለቀቀ ይመስላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀናል። በጉብጠቱ ውስጥ አንድ የቆሻሻ ገንዳ ብቻ ነበረ።

«ይሄን መንገድ የቀየሰው ሰውዬ ጠጥቶ ነበር» አለ ሹፌሩ መሪውን እየጠመዘዘ። አብራው ሳቀች። ግን የሆነ ነገር ሽው ብሎባት አለፈ፣ ልትይዘው ስትል ጠፋባት።

ሦስተኛው ከተማ ከዚያ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። እህል የሚጫንበት፣ መጋዘን የበዛበት ከተማ ነው። አዲሱ ሰፈር ገቡ፣ ቀጥ ብለው ነዱ፣ መንገዱ ወደ ግራ ጎበጠ።

«ሰካራሙ እዚህም መጥቷል!» አለ ሹፌሩ።

በዚህኛው አልሳቀችም።

አራተኛው ከተማ ላይ ነው ነገሩ የፈነዳው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጎማዋን እየገፋች አንድ መውጫ የሌለው መንገድ መጨረሻ ደረሰች። ከፊቷ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ የብሎኬት ግንብ ቆሟል። ግንቡ ላይ የእንጨት መሰላል ተደግፏል። መሰላሉ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት፣ ወሯ የገባ፣ ሆዷ ከፊቷ የቀደመ፣ በሁለት እጇ እርከኑን ጨብጣ ትወጣለች። ከታች አንዲት ጎልማሳ ሴት መሰላሉን አቅፋ ይዛለች።

«ቀስ እህቴ፣ ሦስተኛዋ እርከን ትነቃነቃለች። አዎ፣ እሷን ዝለያት።»

ጎማው ከእትዬ ማስመሪያ እጅ ወደቀ። ሮጣ መሰላሉን በሌላ በኩል ያዘች። ነፍሰ ጡሯ ግንቡ ጫፍ ላይ ደርሳ ተቀመጠች፣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፣ እግሯን አዙራ በወዲያ በኩል ባለው ሌላ መሰላል ወረደች። ሁለት እጆች ከወዲያ ተቀበሏት።

«ኧረ በፈጣሪ! ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ጤና ጣቢያ ነዋ የምትሄደው» አለች ባለመሰላሏ፤ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። የመጨረሻው ቤት የእሷ ነው፤ ደጇ ላይ አትክልት ትሸጣለች። «ከግንቡ ወዲያ ነው። ዛሬ ክትትሏ ነው።»

«በመንገድ አትሄድም?»

ባለመሰላሏ ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ እንግዳ ነሽ መሰለኝ። በመንገዱ ከሄደች እኮ ልጁ እዛው መንገድ ላይ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አንደኛ ክፍል ይገባል!»

እትዬ ማስመሪያ በቀልድ የምትታለል ሴት አይደለችም፤ ለካች። ከግንቡ ሥር እስከ ጤና ጣቢያው በር፣ በመሰላሉ ወጥታ ወርዳ፣ ሠላሳ ስምንት ሜትር። ከዚያ ተመልሳ በመንገዱ ሄደች። ጎማው ጠቅ ጠቅ እያለ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች፣ ሰፈሩን ዞረች፣ የመኪናውን መንገድ ተከተለች፣ በሌላኛው ሰፈር በር ገባች። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ሜትር። ላብ አጥምቋት ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ፣ ነፍሰ ጡሯ ሴት ታይታ፣ ተመዝና፣ መድኃኒቷን ይዛ እየወጣች ነበር።

«መጡ?» አለቻት ፈገግ ብላ።

 ጎማዋን አንስታ ተመለሰች፤ ባለመሰላሏ ዘንድ ደርሳ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

«ማን ነው ይሄን ግንብ የሠራው?»

«ግንቡማ በኋላ የመጣ ነው፤ የወዲያኞቹ አጠሩት። መንገዱ ግን ከመጀመሪያውም እዚህ ላይ ነው ያለቀው። ስንጠይቅ፣ ወረቀቱ ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም ይላል አሉን። ሜዳ ላይ! ልክ ገደል ያለ ይመስል።»

ገደል። ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቀረ።  ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች፤ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ንዳ» አለችው ሹፌሩን። «ቀጥ ብለህ ሂድ። አሁን በግራ ሁለት የተዘጋ መንገድ አለ።»

«አለ፤ ሁለት።»

«በቀኝ አንድ ረጅም። ጫፉ ላይ ክብ መዞሪያ አለው።»

«አለው... እትዬ፣ ዓይንዎን ገልጠዋል እንዴ?»

«ከዚያ ሦስት ማዕዘን የሆነች ትንሽ መሬት። ከእሷ ቀጥሎ መንገዱ ወደ ግራ ይጎብጣል።»

መኪናው ወደ ግራ ጎበጠ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ቆመ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ረግፏል።

«እትዬ፣ እዚህ ከተማ መጥተው ያውቃሉ?»

«በሕይወቴ ረግጬው አላውቅም» አለች። ዓይኗን ስትገልጥ እንባ ሞልቶታል። «ይሄ እኮ የእኔ እጅ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃያ አምስት ዓመቷ፣ መሥሪያ ቤቱ በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ሰፈር እንድትነድፍ ተሰጣት። ቦታው ኮረብታ ነበር፤ በሦስት ጎኑ ገደል። መንገዶቹ ከገደሉ አፋፍ መቆም ግድ ስለነበረባቸው እያንዳንዱን በልክ አቆመችው። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ግዙፍ ዋርካ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አይቆረጥብን ብለው ለመኗት፤ መንገዱን በዋርካው ዙሪያ አጎበጠችው። ሁለት ወር ለፋችበት። አለቆቿ አደነቋት፤ እሷም ቤቷ ሄዳ ያኔ እጮኛዋ ለነበረው ልብስ ሰፊ እስኪሰለቸው ድረስ አወራችለት። ከዚያ ወዲህ ረስታው ነበር።

አሁን ያ ሰፈር ገደልም ዋርካም በሌለበት ሜዳ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰው ለሌለ ዛፍ ይዞራል፤ ለሌለ ገደል ይቆማል።

የወደቡም አዲስ ሰፈር ያው እንደነበረ አሁን ገባት፤ ያኔ ጉብጠቱን ልብ አላለችውም። ጉዞውን አላቋረጠችም። የቀሩትን ሰባት ከተሞች አዳረሰች፤ ግን ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ መሆኑ ቀረ። አንድ ከተማ በደረሱ ቁጥር «እባክህ እዚህ አይሁን» እያለች ትገባለች፤ መንገዱ ይጎብጣል። በአንዱ ከተማ ንድፉ ተገልብጦ ስለተሠራ ወደ ቀኝ ይጎብጣል። በሌላው ሰፈሩ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሦስት ቦታ ይጎብጣል። ሹፌሩ መቀለዱን ተወና በየከተማው ሻይ እያመጣ ይሰጣት ጀመር።

እንደተመለሰች ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ምድር ቤት ወረደች። መሳቢያውን ሳበች። ንድፏ እዚያው ነበር፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ነትቧል። በፖስታው ውስጥ የውሰት ካርድ አለ፤ ማን መቼ እንደወሰደው የሚጻፍበት። ሃያ ስድስት መስመር። ምክንያቱ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ «ለማመሳከሪያ»። የመጀመሪያዎቹን ሰባት መስመሮች የፈረሙት ከእሷ በፊት የነበሩ ጠባቂዎች ናቸው። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነው።

ራሷ አውጥታ ሰጥታለች። ለዚያውም በደስታ! አንድ ቀን ለባሏ፣ «የድሮ ሥራዬ እንዴት ተፈላጊ ሆነ መሰለህ» ያለችው ትዝ አላት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ፤ እሷ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በዓይኗ አይታ በእጇ ፈርማለች። ፊርማዎቿን በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች። የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ፣ «እትዬ፣ ምን ሆኑ? ውሃ ላምጣ?» እስክትላት ድረስ ከካርዱ ቀና አላለችም።

በማግስቱ ንድፉን ጠቅልላ ወደ ቀድሞ አለቃዋ ቤት ሄደች። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ግቢው ውስጥ አበባ ሲኮተኩት አገኘችው። እጁን ታጥቦ በደስታ ተቀበላት። ነገሩን ስትነግረው ግን መኮትኮቻውን መሬት ላይ አኖረና ቀስ ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ያኔ በወር ሁለት ሦስት ሰፈር ጨርሱ እንባል ነበር» አለ። «ሰዉ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ቀያሽ የለ፣ ጊዜ የለ። ያንቺ ንድፍ ደግሞ ንጹሕ ነበር፤ ቤት በዛ አድርጎ ይይዛል። መጀመሪያ አንዱ ከተማ ቀድቶ ሠራበት፣ ሌላው ከእሱ አየ።»

«ጋሼ፣ ገደሉስ? ገደሉን እንዴት አላያችሁትም?»

«የምን ገደል?»

ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ሄደበት።

«ገደሉ ወዴት ነው?» አላት።

ልታሳየው ጣቷን ዘረጋች። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ንድፉ ላይ ገደል የለም። የሰፈሩ ወሰን በቀጭን መስመር ያበቃል፤ ከመስመሩ ወዲያ ወረቀቱ ነጭ ነው። ያኔ «ሥራሽ እስከ ወሰኑ ነው» ስላሏት ከወሰኑ ውጭ ያለውን አላሰፈረችም። ገደሉን እሷ አፋፉ ላይ ቆማ አይታዋለች፤ ወረቀቱ ግን አላየውም። የዋርካውንም ቦታ ባዶ ክብ ብቻ አድርጋ ነው የተወችው፤ ዛፍ ነው የሚል አንድ ቃል አልጻፈችበትም።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እዚያ ቤት የሄደችው ሌላ ሰው ልትወቅስ ነበርና። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይሄው ነው።

አዛውንቱ ውሃ አመጣላት። «አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለ ወደ መሬት እያየ። «እኔም ፈርሜበታለሁ። ቦታውን አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ የአሥራ አንዱ ከተሞች ሹማምንት ጥናቱን ሊሰሙ ተሰበሰቡ። ወጣቱ አለቃዋ ከስብሰባው በፊት ጠርቷት ነበር።

«እትዬ፣ ቁጥሩን ብቻ እናቅርብ። ስለ ንድፉ ያለውን ይተዉት፤ ዞሮ ዞሮ እርስዎ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«እኔ ላይ ካላረፈ የት ሊያርፍ ነው ልጄ?»

ንግግር አትችልም። ስለዚህ ብዙ አልተናገረችም። የአሥራ አንዱን ሰፈሮች ንድፍ በአንድ ልክ በስስ ወረቀት አስነሥታ ነበር፤ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈቻቸው። ብርሃኑ ከኋላ መጣ። የተገለበጠውን ገልብጣ፣ የተደጋገመውን አንዱን ወስዳ ስትደርበው፣ አሥራ አንድ ከተማ አንድ ከተማ ሆነ። ጉብጠቱ በጉብጠቱ ላይ፣ የተዘጋው መንገድ በተዘጋው መንገድ ላይ ልክክ አለ። ቀጥላ ንድፉ መጀመሪያ የተሠራለትን የኮረብታውንና የገደሉን ፎቶ አሳየች። ዋርካውን አሳየች፤ በመሰላል ግንብ ስለምትሻገረው ነፍሰ ጡርም ነገረቻቸው። «ንድፉ የእኔ ነው» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ጊዜም አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከወረቀቱ ውጭ ምን እንዳለ አልጻፍኩም። እናንተም አልጠየቃችሁም።»

 የሁለተኛው ከተማ ሹም፣ ትልቅ ሆድ ያለው ሰውዬ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እና እኛ... ሃያ ዓመት ሙሉ የምንዞረው ዛፍ ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ማንም ስላልተከተለው ሳቁን መሃል ላይ ዋጠው። የአራተኛው ከተማ ተወካይ፣ አንዲት ሴት፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ቀረች። የነፍሰ ጡሯን ነገር እስከዚያ ቀን ሰምታ አታውቅም፤ ቢሮዋ ከዚያ ግንብ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው።

እንዴት እንዳለቀ እንናገር። የአራተኛው ከተማ ሴትዮ ወደ ከተማዋ በተመለሰች በወሩ አምስት ግንብ አስፈረሰች። በሁለቱ ግንቦች ምትክ ለእግረኛ የሚበቃ መተላለፊያ ተከፈተ፤ በሦስቱ ምትክ የተከፈቱት መኪና ያሳልፋሉ። ባለመሰላሏ የአትክልት ጠረጴዛዋን ወደ መተላለፊያው አፍ አዛወረች፤ አላፊ አግዳሚው ስለበዛ ጎመኗ ከቀትር በፊት ያልቃል ይባላል። ነፍሰ ጡሯ ሴት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ግንቡ ከመፍረሱ በፊት፣ በመሰላሉ ሄዳ።

ሌላው ሁሉ እንዲህ አልሆነም። በወደቡ ከተማ ነዋሪዎቹ ራሳቸው እምቢ አሉ፤ ልጆቻችን መኪና በሌለበት መንገድ ይጫወታሉ፣ ጸጥታችንን አትንኩብን አሉ። እትዬ ማስመሪያ ሄዳ ከእነሱ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጠች። ልትሟገታቸው ሄዳ ነበር፤ ልጆቹን ስታይ ግን ሙግቱ ጠፋባት፤ በመጨረሻ ለእግረኛ ብቻ የምትሆን አንዲት በር ለምናቸው ተመለሰች፤ እስካሁን አልመለሱላትም። ሦስት ከተሞች «እናጠናዋለን» ብለው ጻፉ። የቀሩት ምንም አልጻፉም።

እሷም ድንጋጤው ቶሎ አልለቀቃትም። ባሏ ስፌቱን አቁሞ አንዳንዴ ያያታል፤ ምግብ ቀርቦላት በጣቷ ጠረጴዛው ላይ መንገድ ስትስል ያገኛታል። «በቃ እንጂ፣ ሰው ሁሉ ይሳሳታል» ይላታል። «አንተ ኮት ስታበላሽ የሚለብሰው አንድ ሰው ነው» ትለዋለች።

ስብሰባው ካለፈ በሁለተኛው ወር አንድ ደብዳቤ ምድር ቤት ደረሰ። የላከችው ከአሥራ አንዱ ውጭ የሆነች፣ ገና በማደግ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ላለው ሜዳ አዲስ ሰፈር ስላሰቡ፣ «በሌሎች ከተሞች የተመሰገነውን ንድፍ በአስቸኳይ እንዲላክልን» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።  ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጣች፣ የአለቃዋን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

«ሹፌሩ የት ነው?» አለችው።